ልደትና ቢላዋ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን! ነቢያትን የጾማችሁ፣ ጾማችሁን ይቀበልላችሁ። ያልጾማችሁም እንኳን አደረሳችሁ፤ ዶሮ ወጥ መታወቂያ አይጠይቅም። ሙስሊም ወዳጆቼ፣ ለእናንተም ነው የምጽፈው። ድሬ ላይ በዓል የብቻ ሆኖ አያውቅም።

የገና መልእክቴን ሁሌ በሁለት መስመር ነበር የምጨርሰው። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ ታገሱኝ። ገና የሕፃን መወለድ ነው። ጾሙን የምንፈታው ደግሞ በማረድ ነው። ስለዚህ የማኅፀኑ ነፍስና የሚታረደው ነፍስ በአንድ ሌሊት ቤታችን ይገናኛሉ። ስለ ሁለቱም የሚከራከር ሰው ሞልቷል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን፣ ስለ ፅንስ የሚጮኸው ስለ ከብት ግድ የለውም። ለውሻና ለአህያ የሚያለቅሰው ደግሞ የፅንስ ነገር ሲነሳ "የሷ ጉዳይ ነው" ብሎ ያልፋል። ለኔ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። እጃችን ላይ የወደቀ፣ ራሱን መከላከል የማይችል ነፍስ ከኛ ምን ይገባዋል?

ከቀን ቆጠራው ልጀምር፤ ስለምወደው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ፅንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ታስባለች። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ 275 ቀን መሆኑ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች ግን ቆጠራው በአንድ ቀን ይበልጣል። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። ያቺ ትርፍ ቀን በእመቤታችን እርግዝና ላይ እንዳትጨመር በዓሉ ራሱ ይቀድማል። የአንዲት ነፍሰ ጡርን ቀን እንዲህ የሚጠብቅ የቀን መቁጠሪያ ሌላ የት አለ?

የኤልሳቤጥን ቤት ደግሞ ጨምሩበት። ዮሐንስ በስድስተኛው ወር፣ በማኅፀን እያለ፣ የማርያም ሰላምታ ሲሰማ በደስታ ዘለለ ይላል ሉቃስ። በዚህ ቤት ያደገ ሰው ፅንስ "ምንም አይደለም" ሲሉት ጆሮው አይቀበልም። ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ቅርጽ የያዘና ያልያዘ ፅንስ እያልን ነገር አንሰነጥቅም ብሎ ማስወረድን ከነፍስ ግድያ ቆጥሮታል። የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ሴትየዋ እስከ ዕለተ ሞቷ ትገለል አላለም። ንስሐዋን አሥር ዓመት አደረገው፤ እሱም በዘመኑ ርዝመት ሳይሆን በንስሐው ዓይነት ይመዘን አለ። ጥቅስ የሚለጥፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይወዱታል።

የሙስሊም ጎረቤቶቼ መንገድ ትንሽ ይለያል። በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ነፍስ በፅንሱ የሚነፋው በ120 ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ማስወረድ፣ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር፣ አይፈቀድም። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ይለያያሉ። ሐረርጌ የሚበዛው ሻፊዒይ የሚባለውን መዝሀብ፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ አተረጓጎም መንገድ፣ የሚከተል ነው፤ የዚያው መዝሀብ ታላቅ ሊቅ አል ገዛሊ ጥፋቱ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር፣ ደረጃ በደረጃ ግን እየከበደ እንደሚሄድ አስተምሯል።

ከገና አሥር ቀን ቀድማችሁ ቁልቢ ገብርኤል የወጣችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አይታችኋል። ታኅሣሥ 19 ግቢው ውስጥ አንዷ ልጅ ልትለምን፣ አንዷ የለመነችውን ልጅ ታቅፋ ስለቷን ልታገባ ትመጣለች። ያልተፀነሰ ልጅ ሲወደድ ያየሁት እዚያ ነው። "ስጠኝና ለከርሞ ይዤው እመጣለሁ" ትላለች። ልጁ የለም። ቀጠሮው ግን ተይዞለታል።

ፈላስፎቹ ሌላ ሚዛን አላቸው። እንግሊዛዊው ቤንታም በፈረንጆቹ 1789 በታተመ ጽሑፉ፣ የእንስሳት ጥያቄ ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው አለ። አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ይዞ እስከ ጥጉ ሄደ። መለኪያው ሕመም ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ፅንስ ምንም አይሰማውም፤ ዶሮዋ ግን ይሰማታል። እንግዲህ የማን ነገር እንደሚቀድም ራሳችሁ ድረሱበት ነው የሚለው። አሜሪካዊው ዶን ማርኩዊስ ደግሞ በ1989 በሌላ በር ገባ። መግደል ክፉ የሆነው የሟቹን መጪ ዘመን ስለሚወስድበት ነው፤ ፅንስም እንደኛ ያለ መጪ ዘመን አለው አለ። እኔ ወደ ማርኩዊስ አደላለሁ። ሲንገር ያናድደኛል። ስለ ዶሮዋ ግን እውነቱን ነው።

በበዓል ዋዜማ ቀፊራ ገበያ ብቅ ያለ ያየዋል። አራት አምስት ዶሮ እግር ለእግር ይታሰርና እንደ ሽንኩርት ቁልቁል ይንጠለጠላል። ምንቃራቸው ተከፍቷል። አንገታቸውን ቀና ለማድረግ ይታገላሉ፤ ይደክማቸውና መልሰው ይለቁታል። ገዢ ይመጣል፣ ደረታቸውን በጣቱ ይጫናል፣ "ይቺ አጥንት ብቻ ናት" ብሎ ያልፋል። ሌላው ይመጣል። የተገዛችው ባጃጅ ላይ እንደታሰረች፣ በዚያው ቁልቁል፣ አቧራውን እየጠጣች ትሄዳለች። ማረዱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያ ግማሽ ቀን ግን በማን ሃይማኖት ነው የተፈቀደው?

በማንም። እግዚአብሔር ለኖኅ ሥጋ ሲፈቅድ ደሙን ከልክሏል። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል መጽሐፈ ምሳሌ። በሰንበት በሬና አህያም እንዲያርፉ ታዟል። ዘሌዋውያን ላይ እናትና ልጇን በአንድ ቀን አትረዱ የሚል አለ። ነቢዩ ሙሐመድም ስታርዱ አሳምራችሁ እረዱ፣ ቢላዋችሁን ሳሉ፣ የምታርዱትን አታሠቃዩ ብለዋል። እኛ "በስመ አብ" እንላለን፣ እነሱ "ቢስሚላህ"። በሁለታችንም ቤት ስም ሳይጠራበት የሚበላ ሥጋ የለም። ለዚህ ነው ከተማችን ውስጥ ሥጋ ቤቱ ሁለት ዓይነት የሆነው። ይህን እንደ መለያያ ብቻ ማየት ለምደናል። ለኔ ግን ሁለቱም "ይህ ነፍስ የኔ አይደለም፣ ፈቃድ ጠይቄ ነው" እያሉ ነው።

በግ መግዛት የሚያውቅ ሰው ሴት ከሆነች እርጉዝ እንዳትሆን ሆዷን ይዳብሳል። በእስልምና ደግሞ በታረደች እንስሳ ሆድ ውስጥ ስለሚገኝ ፅንስ ራሱን የቻለ ክርክር አለ። ሻፊዒዮቹ የእናቱ መታረድ ይበቃዋል ሲሉ፣ የሌላው መዝሀብ መሪ አቡ ሐኒፋ ሞቶ ከተገኘ አይበላም ብለዋል። ከሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ በግ ፅንስ ተጨንቀዋል። ሐረር ደግሞ ለጅብ ሳይቀር አስባለች። የጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ በሙስሊሞቹ የዓሹራ በዓልም ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል። ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ተቆጥቶ መዘጋቱንም ታስታውሳላችሁ። አህያ ስለማይበላ ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ የመብል ብቻ አልነበረም ባይ ነኝ።

አሁን ወደሚከብደው እንሂድ። ከገጠር የመጣች ልጅ ሰው ቤት ትሠራለች። ታረግዛለች። ሆዷ ገፋ ሲል እመቤቷ "ቤቴን ለቀሽ ውጪ" ትላታለች። ይህ እኮ ማስወረድ ኃጢአት ነው የሚባልበት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ስዕለ አድኅኖ አለ፣ ወይም የቁርኣን ጥቅስ። እንዲህ ያለ ቤት ድሬም አለ፣ ሐረርም አለ፣ አዲስ አበባማ አይጠየቅም። ልጅቷ ፌስታሏን ይዛ መንገድ ዳር ስትቆም፣ ያ ስንከራከርለት የነበረው ፅንስ የት ሄደ? አብሯት ወጥቷላ!

ሕጋችን እንኳ ከኛ የተሻለ አስቦበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከልደቱ ጀምሮ ነው ይላል። ወዲያው ደግሞ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ተወልዶ 48 ሰዓት ከቆየ። ስለዚህ አባቱ ቢሞት ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ከውርስ ድርሻ አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ማስወረድን ይከለክላል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በሥጋ ዘመዳሞች መካከል በተደረገ ግንኙነት ከሆነ፣ ለእናት ሕይወት ወይም ጤና፣ ወይም ለፅንሱ ሕይወት ካሠጋ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም ባለባት የአካልና የአእምሮ ጉድለት ልጅ ማሳደግ ካልቻለች ግን አያስቀጣም። እኔን የሚያቆመኝ አንቀጽ 550 ነው። ከባድ ድህነት ማስወረድን አይፈቅድም፤ ቅጣቱን ግን ያቀላል። ዳኛው ልጅቷን ሲያይ ኪሷንም እንዲያይ ታዟል ማለት ነው። ያስረገዛት ሰውዬና ያባረረቻት ሴትዮ ግን እዚያ አንቀጽ ላይ የሉም።

እኔስ? ፅንስ ነፍስ ነው ብዬ አምናለሁ። ተደፍራ ያረገዘች የ15 ዓመት ልጅ ፊት ቆሜ ይህን የመናገር ድፍረት ግን የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ነፍስ ነው ካልኩ መጀመሪያ የሚመጣው የኔ ወጪ ነው። የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ቤት፣ የአራስ ገንፎ። ይህን ሳላወጣ የምናገረው ነገር ወሬ ነው። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለችና ካረገዘች፣ እባካችሁ፣ በር ከመክፈታችሁ በፊት ወንበር ስጧት።

"ታዲያ ሥጋ ተውክ ወይ?" የምትሉኝ አትጠፉም። አልተውኩም። ዛሬም ዶሮ አለ። ዶሮዋ ግን ከቀፊራ የመጣችው በተበሳሳ ካርቶን፣ መቀመጫ ላይ ሆና ነው። ባለባጃጁ "አቦ፣ የሷንም ሒሳብ ትከፍላለህ?" እያለ እስከ ቤት ሳቀብኝ።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ፣ ለእናንተ የተለየ ድስት አለ፤ ሥጋ አልነካውም፣ ሽሮና አልጫ ነው። ሌሊቱን ቅዳሴ ላይ ስለማድር ጠዋት አትቀስቅሱኝ። ረፋድ ላይ ብቅ በሉ። ቡናው ከኔ፣ ጫቱ ከእናንተ። መልካም ገና!