ጠርሙሱን ከመቀማቴ በፊት ማወቅ የነበረብኝ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሳምንት ሁለት ሌሊት ሻይና ዳቦ እየያዝን መርካቶ አውቶቡስ ተራ አካባቢ በረንዳ የሚያድሩ ልጆችን መጠየቅ ስንጀምር፣ የችግራቸው ሁሉ ሥር ማስቲሽ ነው ብዬ አምን ነበር። የጫማ ማጣበቂያው በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ይጨመርና ጠርሙሱ ጃኬት እጅጌ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ልጁም አፉን ወደ እጅጌው እያስጠጋ ይስባል። ከሩቅ ሲታይ እጁን በትንፋሹ የሚያሞቅ ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዕድሜው ከ13 ከማይበልጥ ልጅ ላይ ጠርሙሱን ቀምቼ ቱቦ ውስጥ ጣልኩት። በሳምንቱ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ያን ሌሊት ብርዱ አላስተኛኝም፤ ከትልልቆቹ በዱቤ ወሰድኩ» አለኝ። ዕዳውን የከፈለው የአራት ቀን የተሸካሚነት ሽቀላውን እንዳለ በማስረከብ ነው። እኔ ሱስ ያስጣልኩት መስሎኝ አበዳሪ ነበር ያመጣሁበት።

ጥፋቴ ከዚህም የከፋ ሊሆን ይችል እንደነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ማጣበቂያው ውስጥ ያለው ቶሉይን የተባለ ኬሚካል ረሃብንና ብርድን ቢያስረሳም የልብ ምትን በድንገት ሊያዛባ ስለሚችል፣ እየሳበ ያለን ልጅ ማስደንገጥ ወይም ማባረር ለሞት ሊዳርገው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሰላምታ እየሰጠን ቀርበን ቁጭ እንል ነበር እንጂ ከማንም እጅ ምንም አልነጠቅንም።

ቅደም ተከተሉንም ገለበጥነው። ስለ ማስቲሽ ከማንሳታችን በፊት «ዛሬ የት ታድራለህ? ቡሌ (የምግብ ትርፍራፊ) አግኝተሃል?» ብለን መጠየቅ ጀመርን፤ ባዋጣነው ገንዘብም ዝናብ በበረታባቸው ሌሊቶች ለጥቂቶቹ ማደሪያ ተከራየን። ያ ልጅ ጣሪያ ሥር ባደረባቸው ሌሊቶች ጠርሙሱን አያወጣም ነበር።

ያልተሳካልን ሕክምናው ነው። ያኔ በነፃ ለመታከም የወረዳ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤው መታወቂያ ይጠይቅ ነበር፤ መታወቂያው የቤት ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ በረንዳ ደግሞ ቁጥር የለውም። አንዱን ትልቅ ልጅ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከመስቀል በዓል በፊት አፈሳ መጣና ልጆቹ ተበታተኑ። ያን ጠርሙሱን የቀማሁትን ልጅ ያገኘሁት ኅዳር ላይ መገናኛ ሲሆን እጁ ከእጅጌው ውስጥ አልወጣም ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ የት እንደሚያድር ጠየቅሁት።