ዱኪ ቼዝ ቤት፣ ከእትዬ ጋር

እትዬን ይዤ ከሂውስተን ኒው ኦርሊንስ የወረድኩት ለዚህ ቤት ስል ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ዱኪ ቼዝ ደግሞ ትሬሜ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ኦርሊንስ ጎዳና ላይ ያለ የክሪዮል፣ ማለትም የአፍሪካና የፈረንሳይ ቅይጥ የሆነው የአካባቢው ምግብ ቤት ነው። የተከፈተው በፈረንጆቹ 1941 ነው።

ስሙ የመሥራቾቹ ቢሆንም ዝናው የምራታቸው የወይዘሮ ሊያ ቼዝ ነው። ወይዘሮ ሊያ በወጣትነታቸው ፍሬንች ኳርተር በሚባለው የከተማው አሮጌ ሰፈር ውስጥ አስተናጋጅ ነበሩ። ያኔ ጥቁር እዚያ ምግብ ያቀርባል እንጂ ቁጭ ብሎ አይበላም። በ1946 የዱኪ ቼዝ ቤት ባለቤቶችን ልጅ፣ ሙዚቀኛውን ዱኪን አገቡ። ከዚያ ሳንድዊች ይሸጥበት የነበረውን ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈበት ምግብ ቤት አደረጉት። ጥቁርም እንደ ሰው ተከብሮ ይብላ ብለው ነው።

ይህን ሳጫውታቸው እትዬ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ያቀረበችውን እሷ አትበላም?»

«እዚያ ቤት ቁጭ ብላ አትበላም፣ እትዬ።»

«የግፍ ግፍ!» አሉና ዝም አሉ።

እኔ ጋምቦ አዝዣለሁ። ወፈር ያለ ቡናማ መረቅ ነው፣ መሃሉ ላይ ሩዝ አለ፣ ጠርዙ ላይ የሸርጣን እግር ብቅ ብሏል። ሽሪምፕ፣ ቋሊማ፣ ሥጋ፣ ሁሉም አለበት። መነሻው ሩ ይባላል። ዱቄት በዘይት እየተማሰለ ቀስ ብሎ ቡና እስኪመስል ይጠበሳል። ልክ እንደኛ ቁሌት ነው፣ ከተጣደፉ ያልቅለታል። መጨረሻ ላይ ፊሌ ይነሰነስበታል፣ ደርቆ የተፈጨ የሳሳፍራስ ቅጠል ነው። ፊሌን ለከተማው ሰው ያስተማሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ቾክቶዎች ናቸው። አንድ ሳህን ውስጥ አፍሪካም፣ ፈረንሳይም፣ ቾክቶም አለ። ጣዕሙ አፍ ላይ ይቆያል። እውነት ለመናገር፣ አሜሪካ ውስጥ እንደዚህ ያረካኝ መረቅ የለም።

እትዬ አሳማም ሸርጣንም አይነኩም። የተጠበሰ ዶሮ አዘዙ። እሱም የቤቱ ስመ ጥር ምግብ ነው፣ እስከ አጥንቱ ጋጡት።

ከበላሁት በላይ ያሰብኩት ግን ስለ ፎቁ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይበሉ ሕጉ ይከለክላል። ወይዘሮ ሊያ ግን ፎቅ ላይ አብረው አስቀምጠው ያበሏቸው ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚህ ተሰብስበዋል። ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻልም እዚህ በልተዋል። በ1961 የዘር መለያየትን ለመቃወም በአውቶቡስ ወደ ደቡብ የወረዱት የነጻነት ተጓዦችም የወይዘሮ ሊያን ጋምቦ ቀምሰዋል። ፖሊስ ያውቃል፣ ግን አይገባም። ቤቱን ሰው ይወደው ስለነበር ከነኩት ሕዝቡ ይነሳ ነበር።

እትዬ በሱዳን አድርገው አሜሪካ የገቡት በ80ዎቹ ነው። የፈለጉት ሬስቶራንት ሲገቡ «እዚህ አይቻልም» ያላቸው የለም። ይህ መብት በ1964 ሕግ የሆነው ስንት ሰው ተደብድቦና ታስሮ ነው። እኛ በተከፈተ በር ነው የገባነው። አበሻ ሲሰበሰብ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን አንዳንዴ የሚወራው ወሬ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። እነሱ የከፈሉበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እየበላን እንዴት እንዲህ እንላለን?

በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ቤቱን በውኃ አጠለቀችው። ግድግዳው ላይ የነበሩትን የጥቁር ሠዓሊያን ሥራዎች ያተረፈው የወይዘሮ ሊያ የልጅ ልጅ ነው። ወይዘሮ ሊያ ሰማንያ አልፏቸውም ተስፋ አልቆረጡም፣ በ2007 እንደገና ከፈቱ። በ2019 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከማዕድ ቤት አልራቁም።

አስተናጋጇ ሒሳብ ስታመጣ ስለ ጸሎተ ሐሙስ ነገረችን። ወይዘሮ ሊያ ካቶሊክ ነበሩ። በዚያ ቀን ብቻ የሚቀርብ አረንጓዴ ጋምቦ አላቸው፣ ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል ከሥጋ ጋር የሚሠራ። ሰው ለስቅለት ሥጋ ከማቆሙ በፊት ጠግቦ ይበላል። ተረጎምኩላቸው።

«ጎመን በሥጋ ነዋ!» አሉ እትዬ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ቅጭም አለ። የፈረንጅ ጸሎተ ሐሙስ ሁሌም እኛ ሁዳዴ ውስጥ ሳለን ነው የሚውለው።

«በይ ዘጠኙን ቅጠል ስማቸውን ጠይቂያት» አሉኝ። «ፋሲካ ሲፈታ እኔው እሠራዋለሁ።»

ናፕኪን ላይ ጻፍኩላቸው።