የቶርኖ ቤቱ ምርቃት

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ በሽታ አለብኝ። የሚሠራ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ደህና የሚያወራ ሬዲዮ ፈትቼ አውቃለሁ። የአያቴን የግድግዳ ሰዓትም ፈትቻለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው።

መኪና ስገዛ ቤተሰቡ የፈራው ይህንኑ ነበር። የ1982 ኮሮላ ዲኤክስ፣ ሞተሯ 4ኬ፣ 1,290 ሲሲ። ምንም አልጎደላትም። ዳገት ላይ ብቻ ትለግማለች። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ ቀድሞኝ ያልፋል፤ ወያላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አይዞህ!» ይለኛል። ይህች «አይዞህ» ነች ጣጣ ውስጥ የከተተችኝ።

ጥፋቱ የመኪናዋ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ ባሕር ዳር ቢሆን ከሚያገኘው ሩብ ያህሉ እዚህ ይጎድልበታል። (ባሕር ዳር ስል ከተማዋን ሳይሆን እውነተኛውን ባሕር ማለቴ ነው።) ታዲያ መላው ምንድነው? የተገኘችውን አየር አጥብቆ መጭመቅ። 4ኬ ከፋብሪካ ሲወጣ ጭመቃው ዘጠኝ ለአንድ ነው፤ ዘጠኝ እጅ የነበረውን አየር አንድ እጅ ቦታ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል ማለት ነው። እኔ አሥር ለአንድ ላደርገው ተነሳሁ። ለዚህ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለት ነው፣ ከሥሩ ትንሽ ይላጋል፤ እሳቱ የሚነድባት ጎድጓዳ ቦታ ትጠባለች፤ አለቀ።

ግን እኔ በግምት የምሠራ ሰው አይደለሁም። ፋርማሲ ሄጄ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጠየቅሁ።

«ለማን ነው?» አለችኝ ባለፋርማሲዋ።

«ለመኪናዬ።»

ምንም አላለችም። መልሴን ስትሰጠኝ ግን እጄን እንዳትነካ ተጠነቀቀች።

ቴስታታውን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ጠርዙን ግራሶ ቀብቼ፣ ቀዳዳ ያላት መስታወት ከደንኩበትና በሲሪንጁ ውኃ እየቆጠርኩ ሞላሁት። በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባውን የጓርኒሲዮን ውፍረት ጨምሬ 40 ሲሲ መጣ። ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠርገው 322 ሲሲ ነው። ሁለቱን ደምሮ ለ40 ማካፈል፤ ዘጠኝ! በደስታ ሚስቴን ጠራኋት። እሷ ያየችው የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ያለውን ግራሶ ብቻ ነው።

አሥር ለመግባት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል መላግ ይበቃል። በወረቀት ጽፌ ብረት ለሚልጉት ለባለቶርኖው ሰጠኋቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ስመለስ ቴስታታው እንደ መስታወት ያበራል።

«ቆንጆ አድርጌ ነው የላግኩልህ» አሉኝ። «ትንሽም መርቄልሃለሁ።»

«ምን መረቁልኝ ጋሼ?»

«አንድ ሚሊ ትሆናለች። ጎረቤት አይደለህ!»

ሽንኩርት ሲመረቅ አውቃለሁ። ብርቱካን ሲመረቅ አውቃለሁ። ጉድለት ሲመረቅ ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ብረት ደግሞ አንዴ ከተላገ ተመለስ አይባልም። እዚያው በመዳፌ ላይ አሰላሁት። አሥራ አንድ ለአንድ ገደማ።

መካኒኬ ራሱን እከክ እከክ አደረገና «እንሞክረው፣ ምን ይመጣል?» አለ። መካኒክ እንዲህ ሲል መሸሽ እንዳለብኝ ያኔ አላውቅም ነበር።

ተገጠመ። ተነሳች። ወገን፣ ምን ልበላችሁ! ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ያንን ሚኒባስ ሳልፈው መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ወያላውን «አይዞህ!» አልኩት። የዚያን ቀን እራት እንኳን አላማረኝም፤ ጠግቤ ነበር። ሦስት ሳምንት እንደ ጀግና ነዳሁ። ባለቶርኖውንም ባየኋቸው ቁጥር ቆሜ እጅ እነሳቸዋለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ደብረ ማርቆስ የዘመድ ሠርግ መጣ። አክስቴ ከፊት፣ ባለቤታቸውና ሚስቴ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ጀሪካን ዘይትና ገና ስሟ ያልወጣላት አንዲት በግ። ፍቼን አለፍን፣ ገብረ ጉራቻን አለፍን፣ ጎሐ ጽዮን ደረስን። ከዚያ ዓባይ በረሃ ነው።

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፤ ጆሮህ ይደፈናል፤ ሙቀቱ ፊትህን ይልሰዋል። እኔ ያልገባኝ ግን እየወረድን ስንሄድ አየሩም እየወፈረ መምጣቱ ነው። ለካ ያ ሁሉ ጭመቃ አዲስ አበባ ላይ ዝም ያለው አየሩ ስስ ስለሆነ ነበር! አሁን ሞተሩ ወፍራም አየር ጠገበ፣ ሞቀው፣ ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ነዳጁን ረግጬ ጀመርኩ።

ተር ተር ተር ተርርርር።

ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚንጡ ይመስላል። አክስቴ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ መኪና ሽምብራ ይቆላል እንዴ?»

ነዳጁን ስለቀው ዝም ይላል፤ ስረግጠው ይቆላል። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ሲጨመቅ ይግላል፤ ከካንዴላው የተነሳው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ጥግ ላይ የቀረው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ይህን ለአክስቴ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ታዲያ ለምን አትቀንስለትም?» አሉኝ። ከኔ ስሌት ሁሉ ይህች አጭር ነበረች።

የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ ቆምኩ። ድልድዩ ከታች ይታያል። ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ ነው፤ ጃፓን የሠራት መኪና ዘመዷ ፊት አዋረደችኝ። በጓ ከኋላ ጮኸች። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞልን ወረደ፣ «እስቲ አስነሳው» አለ፣ ጆሮውን አዘነበለና «ማነው ይህን ሞተር እንዲህ ያጠበቀው?» አለ።

«ተመርቆልኝ ነው» አልኩት።

ቁልፍ አውጥቶ ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርጎ ታይሚንጉን፣ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ ማለት ነው፣ ወደኋላ መለሰው። መቁላቱ ቀነሰ። ጉልበቱም አብሮ ሄደ። በአንደኛ ማርሽ፣ ሚስቴና የአክስቴ ባል በእግራቸው፣ አክስቴና በጓ በመኪና ሆነን ወጣን። እግረኞቹ ሁለት ጊዜ ቆመው ጠብቀውናል።

ሠርጉ ጋ ስንደርስ ምሳው አልቋል። አክስቴ ግን ባዶ እጃቸውን አልገቡም፤ ወሬውን ይዘው ነው የገቡት። እስከ ማታ ድረስ የማላውቀው ሰው ሁሉ እየመጣ «ቆሎው አንተ ነህ?» ይለኛል።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሞተሩ ሲከፈት የሁለተኛው ፒስቶን አናት ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። የእንጀራ ዓይን ነው የሚመስለው፤ ጥሩ ጤፍ፣ በደንብ የቦካ። ፒስቶኑ ተቀየረ። መካኒኬ የተላገውን ለማካካስ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ ገጠመው። እንደገና አሰላሁ፤ ዘጠኝ ተኩል። ይህ ሁሉ ወጪ፣ ይህ ሁሉ ግራሶ፣ ለግማሽ ቁጥር! ወያላውም ወደ «አይዞህ»ው ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ የሞተር ሳይክሉን ቴስታታ ሊያስልግ አብረን እኚያው ቶርኖ ቤት ሄድን። ሽማግሌው ሥራቸውን ጨረሱና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጓደኛዬን አዩት።

«ልጄ፣ ትንሽ ልመርቅ...»

ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።