5:52

ዛሬ ያለ ምክንያት ከፋኝ። ልተኛ ስል ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ ገጠመኝ። ግራጫ የተራራ ጎን፣ ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት የተበሳሳ። በድሮን የተነሳ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቋጥኝ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ምልክት ተደርጎበታል።

እንዲህ ያለ ካርታ መሥራት ትዕግሥት ይጨርሳል። ድሮኑ በመስመር እየተመላለሰ ፎቶ ያነሳል፤ አንዱ ፎቶ ሌላውን በደንብ መደረብ አለበት። ኮምፒውተሩ ያገጣጥማቸውና ከፍታና ዝቅታው የሚለይ ምስል ያወጣል። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጉድጓዶቹን ይለቅማል። ፀሐይ አዘንብላ ስትወጣ ጥላ ስለሚያርፍባቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዝናብና አመድ ሳይደፍናቸው መቅደም ነው። ድንጋዩማ ብዙ ጊዜ እዚያ የለም። ወይ ተፈረካክሷል፣ ወይ ነጥሮ ሄዷል። የሚቆጠረው ቀዳዳው ነው። ከቀዳዳው ስፋትና ከርቀቱ ተነስተው በምን ፍጥነት እንደተወረወረ ያሰላሉ። ተጓዥ እስከ የት መጠጋት ይችላል የሚለውም ከዚሁ ይወጣል።

ሳነብ ሳነብ እንቅልፌ ድራሹ ጠፋ። ኒውዚላንድ፣ ቶንጋሪሮ የሚባል እሳተ ገሞራ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2012፣ ከሌሊቱ 5:52። ቋጥኙ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር በርሮ የተጓዦች ማረፊያ ቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። ደግነቱ ያን ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው አልነበረም። ጃፓን፣ ኦንታኬ የሚባል ሌላ እሳተ ገሞራ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2014። ቅዳሜ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ተራራው ጫፍ በሰው ተሞልቷል። ከረፋዱ 5:52። 58 ሰው ሞተ፣ 5 እስከዛሬ አልተገኙም። አብዛኞቹን የጨረሳቸው የሚወነጨፈው ድንጋይ ነው።

ሰዓቱን ደግሜ አየሁት። አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ቀን፤ ደቂቃው ግን ያው። ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተራራ ሰዓት አያይም። ግን ቢገለባበጥስ ኖሮ? ኦንታኬ በሌሊት ቢፈነዳ እኮ ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፤ ካርታው ላይ ለውጥ የለውም።

ኒውዚላንዶቹ ለተጓዥ የሚሰጡት ምክር አለ። ጀርባ ሰጥተህ አትሩጥ፤ ቀና ብለህ የሚመጣውን ድንጋይ እይ፤ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተጠለል፤ ቦርሳህን አናትህ ላይ አድርግ። እሺ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ስልኩን ትራስ ሥር የምቀብር ሰው፣ የሚወርድ ቋጥኝ ቀና ብዬ ላይ?