ተለምኖ ያልተገኘ ጣቢያ

ዛሬ ከሥራ ስገባ ልጄ ኤስ ፎር ሲ የተባለውን የዌልሽ ቋንቋ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍታ ከቴሌቪዥኑ እኩል "ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ" እያለች ትቆጥራለች። እኛ ዌልስ ነው የምንኖረው። ቤታችን አማርኛ፣ ሰፈሩ እንግሊዝኛ፣ ትምህርት ቤቷ ዌልሽ።

ማታ ሻይ ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን አይተዋት ፊታቸው በራ። "ይሄ ጣቢያ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስልህ" አሉና ጀመሩልኝ። የብሪታንያ መንግሥት የዌልሽ ቻናል እከፍታለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ሕዝቡ ተቆጣ። ብዙ ሰው የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ አንከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ እሳቸውም ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ፕላይድ ካምሪ የተባለውን የዌልስ ፓርቲ ወክለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ የገቡት ግዊንቮር ኢቫንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ቃሉ ካልተከበረ እስክሞት ምግብ አልቀምስም አሉ። (ያኔ ዕድሜያቸው ወደ 70 እየተጠጋ ነበር!) ጾሙ ሳይጀመር፣ በመስከረም ወር፣ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት እጁን ሰጠ። ጣቢያው ኖቬምበር 1 ቀን 1982 አየር ላይ ዋለ።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዜናው፣ የራግቢ ጨዋታው፣ የገበሬው ፕሮግራም፣ አይስቴድቮድ የሚሉት የግጥምና የዘፈን በዓላቸው፣ ሁሉም በራሳቸው ቋንቋ ይተላለፋል። ተዋናዩም፣ ካሜራማኑም፣ ጸሐፊውም በዌልሽ ሠርቶ እንጀራውን ይበላል። ቋንቋ በትምህርት ቤት ብቻ አይቆምም ብዬ አምናለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ልጅ የሚስቅበት ሲሆን ነው የሚቆመው።