ተያዥ የሌለው ሰው

አዳማ ውስጥ ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ወንዶች ሥራ እንዲያገኙና ከቤተሰባቸው እንዲታረቁ ማገዝ ነው ሥራዬ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሰማሁት ንግግር ነው።

ሥራ ላስቀጥረው ይዤው የሄድኩት ሰው በአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይጨርስ በቅድመ ሁኔታ የወጣ ነው። ሙያውን የተማረው እዚያው ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ለሙከራ አንድ መሳቢያ እንዲሠራ አዘዙት። ሲጨርስ ደጋግመው ከፈቱት፣ ዘጉት፤ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ሙያስ አለው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተያዥ አለው?»

የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ፣ የመታወቂያውን ኮፒ አያይዞ የሚፈርምለት ሰው ማለታቸው ነው። ዓመታት ታስሮ የወጣ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ወንድሞቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝተኛው አጎቱ ስልኩን አያነሱም። እኛም ለተረጂ እንዳንፈርም የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ይከለክላል።

«በአመክሮ ነው የወጣው ካልሽኝ እኮ፣ መንግሥትም ገና አላመነውም ማለት ነው» አሉ።

«ተገላቢጦሽ ነው፣ ጋሼ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አመክሮ እንዲሁ አይሰጥም። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ይፈጽማል፤ ጠባዩን ማረሙን ያሳያል፤ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ይክሳል። ግዴታውን ከጣሰ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ከእሱ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሠራተኛ ከየት ያገኛሉ?»

«አምና አንዱ የኤሌክትሪክ መጋዜን ይዞብኝ ጠፋ።»

«ታስሮ ያውቅ ነበር?»

«የለም።»

«ተያዥስ ነበረው?»

«ነበረው» አሉና ዝም አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው የተናገረው። «ጋሼ፣ ማሽኖቹን ቆልፈው ቁልፉን ይያዙ። እኔ ውጭ ሆኜ በእጅ መላጊያ እሠራለሁ።»

ባለቤቱ በዚህ ተስማሙ። በደመወዝ ሳይሆን በሠራው ልክ ሊከፍሉት፣ ያለ ውል፣ ከግቢው በር አጠገብ በዚያ በአዳማ ፀሐይ። ለሰውየው ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። በእሱ አይደለም፤ የወር ደመወዝ የሚያገኝ ዘመድ ስለሌለው ብቻ አንድ ባለሙያ ውጭ ቁጭ ብሎ እንዲሠራ ራሱ እስኪለምን መድረሱ ነው ያናደደኝ።

በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት «ሥራ ያገኘ» ከሚለው መደብ ገባ። የሥልጠና፣ የመሣሪያና የትራንስፖርት ዓምድ አለን፤ ስለ ተያዥ የሚጠይቅ ግን የለም። ጥቂት ገንዘብ ለዋስትና እንዲያዝ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። መዶሻና መጋዝ መግዛት እንደሚቻል፣ ለዋስትና ግን የበጀት ርዕስ እንደሌለ ተነገረኝ። ታዲያ መዶሻውን ይዞ የትኛውን በር ያንኳኳ?

አሁን የእናቱን እድር እያነጋገርኩ ነው። ለሐዘን ድንኳን የሚተክል፣ ቀባሪ የሚያሰልፍ እድር፣ በሕይወት ላለ የአባል ልጅ ዋስ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቢሰርቅ ከሣጥናችን ልንከፍል ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ሊቀመንበሩ ግን ጉዳዩ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ አሉ። ደብዳቤውን አስገብቻለሁ፤ የሠራውን መሳቢያም ባለቤቱን አስፈቅጄ ለአባላቱ ይዤላቸው እሄዳለሁ።