ነዳጅ የሌለበት ዝርዝር

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ጥያቄ አለ፦ ወራሪን ድንበር ሳይሻገር በሕግ ብቻ መመለስ ይቻላል? «ጦርህን ካንቀሳቀስህ ገንዘብህ ይታገዳል፣ ሸቀጥህን የሚገዛህ አይኖርም» ብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ አንድን መሪ ከውሳኔው ሊያቆመው ይችላል? ይችላል ብዬ አምናለሁ። ግን ሕጉ ውስጥ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን የተዘለለውም መታየት አለበት፤ ወራሪው አጥብቆ የሚያነበው የተዘለለውን ነውና።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ዝርዝር አንድ በአንድ አየሁት። ለጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል አሉ። ጎማ አለ። ቦክሳይትና አሉሚኒየም፣ የብረት ማዕድንና ውዳቂ ብረት፣ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል አሉ። እስከ ታች ወረድሁ። ነዳጅ የለም። ድንጋይ ከሰልም የለም። የብረት ማዕድኑ ተከልክሎ ተሠርቶ ያለቀው ብረት አልተከለከለም። ጦሩን ወደ ደጋው የሚያወጡት የጭነት መኪኖችም ሆኑ የመርዝ ጋዝ የሚረጩት አውሮፕላኖች የሚንቀሳቀሱት በነዳጅ ነበር። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣሊያን መርከቦች ወታደርና መሣሪያ ጭነው፣ የማለፊያውን ክፍያ እየከፈሉ ያልፉ ነበር። ይህን ሳነብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነዳጁ የተዘለለው ተረስቶ አይደለም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ፈሩ። አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች «እኛ ብንከለክል እነሱ ይሸጡለታል» የሚል ሰበብም ነበር። ሙሶሊኒ በበኩሉ ነዳጅ ከተነካ ጦርነት ነው እያለ ያስፈራራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ሙኒክ ላይ ከሂትለር ጋር ሲነጋገሩ ግን፣ ነዳጁ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለቅቆ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር መናገሩን የሂትለር አስተርጓሚ በኋላ ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም አቤት ሲሉ አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። ማኅበሩም በሐምሌ ማዕቀቡን አነሣ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሕጉ ቀድሞ የነበረ መሆኑ ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ቃል ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት የከፈተ አባል በሁሉም ላይ እንደዘመተ ይቆጠራል፣ የንግድና የገንዘብ ግንኙነቱም ወዲያውኑ ይቋረጣል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ግን አባላቱ ራሳቸው ሕጉን አለዘቡት፤ ቃል ኪዳኑ ተጥሷል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ እንዲወስን ተስማሙ። ወዲያውኑ የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያው ዓመት ዩጎዝላቪያ ከአልባኒያ፣ በ1925 ደግሞ ግሪክ ከቡልጋሪያ ጦራቸውን ያስወጡት የማዕቀብ ዛቻ ስለተሰማ ጭምር ነው። ልዩነቱ አይሰወርም፤ ሁለቱ ትንንሽ አገሮች ነበሩ፣ ኃያላኑም እነሱን ለመቅጣት የሚያጡት ነገር እምብዛም አልነበረም።

ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላም ክርክሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የሩሲያ ጦር በዩክሬን ዙሪያ ተሰልፎ ሳለ የአሜሪካ ሴናተሮች የማዕቀብ ረቂቅ ይዘው ተከራከሩ። ከፊሎቹ አሁኑኑ ይጣል አሉ። ሌሎቹ አሁን ከጣልነው ማስፈራሪያችን ያልቃል፣ ከወረረ በኋላ ይሁን አሉ። ሳይስማሙ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ታንኮቹ ድንበር ተሻገሩ። ዘለንስኪ ከዚያ ጥቂት ቀናት በፊት ሙኒክ ላይ፣ ቦምቡ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ማዕቀብ ለአገራቸው ምንም እንደማይፈይድ ተናግረው ነበር። ከወረራው በኋላ ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ክምችት ታገደ። የሩሲያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቭሮቭ ይህን እርምጃ ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር አሉ። እኔ ይህን አነጋገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ከሁሉም የከበደው ቅጣት ተቀጪው ያልጠበቀው ከሆነ፣ ውሳኔው ሲመዘን ሚዛኑ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ቅጣቱ አስቀድሞ በሕግ ተጽፎ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ማንም መሪ ስልክ ደውሎ ሊያስቀረው የማይችል ቢሆን ጦርነቱ ይቀር ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ቢያንስ ግን ስሌቱ ውስጥ ይገባ ነበር።

ነዳጅ ይታገድ ስል ጃፓን ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1941 ክረምት አሜሪካ ነዳጅ ስትከለክላት ክምችቷ ሳያልቅ ልቅደም ብላ በታኅሣሥ ፐርል ሀርበርን መታች። ያ ክልከላ የመጣው ግን ጃፓን ቻይናን መውጋት ከጀመረች ከዓመታት በኋላ ነው፤ መውጫውም ምን እንደሆነ በግልጽ አልተቀመጠላትም። ስለ መውጫው ሕግ አውጪዎች ብዙ የሚያስቡበት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሶቪየት ኅብረት ዜጎቿ ከአገር እንዳይወጡ በመከልከሏ እሷን ለመቅጣት የወጣው የአሜሪካ የንግድ ሕግ ማሻሻያ፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ እንኳ በሩሲያ ላይ እስከ 2012 ቆይቷል። ብትመለስም አይነሣልህም የተባለ መሪ ለምን ይመለሳል? የኢራቅ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ኩዌት በተወረረች በአራተኛው ቀን የተጣለው ማዕቀብ ሳዳምን ከኩዌት አላስወጣም፤ ወታደሮቹ ከወጡ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ ሕዝቡ ላይ ተጭኖ ቆየ። ልጆች መድኃኒት አጡ። ማዕቀብን የምደግፍ ሰው ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

የወጪው ነገርም አለ። በ1928ቱ ማዕቀብ እንጨቷን ለጣሊያን ትሸጥ የነበረችው ዩጎዝላቪያ ገበያዋን አጥታ ተጎድታለች። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 50 እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት አገር የጸጥታውን ምክር ቤት ማማከር ይችላል ይላል፤ ማማከር ብቻ። ወራሪው የእኛን አቅም የሚለካው ስንት ወር ኪሳራ እንደምንችል አስልቶ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሕግ የሚያረቁ ሰዎች የሚከለከለውን ዕቃ በሚዘረዝሩበት ቀን፣ የሚጎዳው የራሳቸው ነጋዴና ጎረቤት አገር ከየትኛው በጀት እንደሚካስም አብረው እንዲጽፉ እፈልጋለሁ።